የእናቱን ድካም ያየ ልጅ

በእስቴ፣ በጋይንትና በስማዳ ገጠር የእርሻ ወቅት ሲደርስ ባልና ሚስት ማልደው አብረው ይወጣሉ። እሱ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ በሬዎቹን ይነዳል፤ እሷ ልጇን አዝላ ጓል ትከሰክሳለች፣ ታርማለች። ማታም አብረው ይመለሳሉ። ልዩነቱ የሚጀምረው ደጃፍ ላይ ነው። እሱ በሬዎቹን አስሮ መደብ ላይ ጋደም ይላል። እሷ ግን ውሃ ለመቅዳት ወደ ምንጭ ትወርዳለች። ከዚያ መፍጨት፣ መጋገር፣ ወጥ መሥራት፣ ማቅረብ አለ። በመጨረሻም ውሃ አሙቃ የባሏን እግር ታጥባለች።

ብዙዎቻችን በዚህ ዓይነት ቤት አድገናል፤ ወይም እናቶቻችን አድገዋል። ሁላችንም አይተናል። “ለምን?” ብለን የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን።

ከጠየቁት አንዱ በዚያው በእስቴ ወረዳ የተወለዱት የክብር ዶክተር ዙምራ ኑሩ ናቸው። ራሳቸው ደጋግመው እንደተናገሩት፣ ገና ሕፃን ሳሉ እናትና አባታቸው እርሻ ላይ አብረው ውለው ሲመለሱ አባት ያርፋሉ፤ እናት ግን የቤቱን ሥራ ሁሉ ብቻቸውን ይሠራሉ። ሥራው በሰዓቱ ካልደረሰ ደግሞ ቁጣና ዱላ ይከተላል። ልጁ ይህ ለምን እንደሚሆን ጠየቀ። አረጋውያንና ሕመምተኞች ለምን ጧሪ ያጣሉ? ሰው በራሱ ላይ እንዲደረግበት የማይወደውን በሌላው ላይ ለምን ያደርጋል? እያለም ጠየቀ። መልስ የሰጠው አልነበረም። እንዲያውም አእምሮው የተነካ መሰላቸው።

ልጁ ካደገ በኋላም ጥያቄውን አልተወም። ሐሳቡን የሚጋሩ ጥቂት ሰዎች አግኝቶ በ1964 ዓ.ም. የአውራ አምባን ማኅበረሰብ መሠረተ። መንደሩ የሚገኘው በደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ነው። በዚያ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፤ ሴት ታርሳለች፤ ሁለቱም ሸማ ይሠራሉ። ሥራ የሚከፈለው በችሎታ እንጂ በጾታ አይደለም። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤትም አላቸው።

የሚመቸንን በደል አናየውም

አባትየው ከጎረቤቶቻቸው የከፉ ሰው ነበሩ ማለቴ አይደለም። የሰው ልጅ ባሕርይ እንዲህ ስለሆነ ነው። የሚጎዳንን በደል ከሩቅ እናያለን፤ የሚጠቅመንን በደል ግን ከጎናችን ተቀምጦም አናየውም። “ልማድ ነው” እንለዋለን። “ደንብ ነው” እንለዋለን። ኃጢአት የሚሠራው በጥላቻና በቁጣ ብቻ ይመስለናል። ተደላድለን በተቀመጥንበት ምቾት ውስጥም ይኖራል።

ወንድሞች፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤታችሁ ምን ይሆናል? ባል ሶፋ ላይ ሆኖ ስለ ስብከቱ ይወያያል፤ ሚስት የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ሳትቀይር ወደ ወጥ ቤት ትገባለች። ሁለቱም አንድ ስብከት ሰምተው ነው የመጡት።

እኛ እህቶችም ብንሆን ከዚህ ነጻ አይደለንም። በባሕር ዳርም በአዲስ አበባም በብዙዎቻችን ቤት ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ አለች። እኛ ለጸሎት ስንወጣ እሷ ቤት ትጠብቃለች። እኛ ስንበላ ቆማ ታስተናግዳለች። ማታ ሁላችንም ተኝተን እሷ ዕቃ ታጥባለች። ስለ ባሎቻችን ዕረፍት የምናጉረመርም ሴቶች፣ በዚህች ልጅ ፊት መደብ ላይ ጋደም ያልነው እኛ መሆናችንን አስተውለን እናውቃለን?

ርኅራኄ ቀን ይቆረጥለት

ከአውራ አምባ ሰዎች እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ስለ ፍቅር የሚናገሩት ነገር አይደለም። ስለ ፍቅር እኛም ብዙ እንናገራለን። የሚያስደንቀኝ ፍቅርን ቀን ቆርጠው፣ ሥራ አድርገው መያዛቸው ነው። በሳምንት አንድ ቀን ለአረጋውያን፣ ለሕመምተኞችና ለችግረኞች ይሠራሉ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ደግሞ ቤተሰብ ተሰብስቦ ይነጋገራል፤ በዚያ ስብሰባ ልጅም ቢሆን አባቱንና እናቱን “ይህ ልክ አይደለም” ማለት ይችላል።

ይህ የሰውን ባሕርይ ማወቅ ነው። የርኅራኄ ስሜት እንደ ጠዋት ጤዛ ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ ይረግፋል። ለቅሶ ቤት ስንሄድ እናዝናለን፣ ወደ ቤታችን ስንመለስ እንረሳለን። ቀን የተቆረጠለት ርኅራኄ ግን ስሜታችን ቢቀዘቅዝም ቀኑ ሲደርስ ይደረጋል። የአገራችን ገበሬ ወንፈልን በተራ የሚያደርገው ለዚህ ነው፤ ሰው ደስ ሲለው ብቻ ቢሆን ኖሮ የስንቱ እርሻ ሳይታጨድ በቀረ!

የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ታውቅ ነበር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ መበለቶች በየዕለቱ እደላ ተረስተው ቅሬታ ተነሣ። ሐዋርያት ጉባኤውን ጠርተው፣ ሰባት የተመሰከረላቸው ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ፤ ለሥራውም ሾሟቸው። መንፈስ ቅዱስ በኃይል ይሠራባት በነበረች ቤተ ክርስቲያን እንኳ የተረሱት የታሰቡት ሥርዓት ሲበጅላቸው ነው።

“እነሱ እኮ ቤተ ክርስቲያን የላቸውም”

አንዳንዶቻችሁ ይህን እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት ነው። የአውራ አምባ ሰዎች ፈጣሪ እንዳለ ያምናሉ፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የላቸውም። ይህና ሌላው ልማዳቸው ብዙ አስከፍሏቸዋል። ጎረቤቶቻቸው ጠሏቸው፤ በደርግ ዘመን መጨረሻ ቀዬአቸውን ጥለው ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ተሰደዱ፤ የተመለሱት ከዓመታት በኋላ ነው።

እኔ በጸጋ በእምነት እንደምንድን አምናለሁ፤ ደግ ሥራ መስቀሉን አይተካም። ይሁን እንጂ ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 2፣ ሕግ የሌላቸው ሰዎች ሕጉ የሚያዘውን ሲያደርጉ ኅሊናቸው እንደሚመሰክር ጽፎልናል። ጌታችንም ባልንጀራ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ በምሳሌው ያቀረበው፣ አይሁድ የሚንቁትን ሳምራዊ ነው። ካህኑና ሌዋዊው ትምህርታቸው ትክክል ነበር፤ ግን አልፈው ሄዱ። ምሳሌው የተነገረው ሳምራዊውን ለማመስገን ብቻ ሳይሆን ትምህርታቸው ትክክል የሆነውን ለመጠየቅም ነው። እንግዲህ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን። ኅሊና ብቻ ይዘው ይህን ያህል ከሄዱ፣ ወንጌል የተቀበልን እኛ የት ደርሰናል?

የእስቴዋን እናት እንደገና አስቡ። በቀኑ መጨረሻ የምትሠራው ሥራ እግር ማጠብ ነበር። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ያን ሥራ የሠራው ማን ነው? ጌታ ራሱ ነው፤ ሊሰቀል አንድ ሌሊት ሲቀረው። ከቤቱ ሁሉ የደከመው ሰው የሚሠራውን ሥራ እሱ ወሰደው፤ እንደዚሁ እንድናደርግም አዘዘን። ይህን ምዕራፍ በቤተ ክርስቲያን በእንባ እያነበብን፣ በቤታችን ግን ሁልጊዜ እግር አጣቢዋ አንዲት ሴት ከሆነች፣ ምዕራፉን ገና አላነበብነውም።

በዚህ ሳምንት

ባልና ሚስት አብራችሁ ተቀመጡ። በቤታችሁ ከንጋት እስከ ሌሊት የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ በየሥራው አጠገብም የሚሠራውን ሰው ስም። የቤት ሠራተኛችሁን ስም አትርሱ። ከዚያ ወረቀቱን ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። የማን ስም በዛ? ማታ መጨረሻ ላይ የሚተኛው ማነው? እሑድ ከቤት የሚቀረውስ?

ቀጥሎ አንድ ሥራ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛውሩ፤ ቀንም ቁረጡለት። ሠራተኛችሁ የምታርፍበትን፣ እንደ እናንተው ወደምታመልክበት የምትሄድበትን ቀን ወስኑ። በሰፈራችሁ ጧሪ ያጡ አንድ እናት ወይም አባት ካሉ ለእሳቸውም ቀን ስጧቸው፤ “ሲመቸን እንሄዳለን” አትበሉ። አይመችምና።

ልጆቻችሁም “እማዬ ለምን ብቻዋን ትሠራለች?” ወይም “እሷ ለምን አብራን አትበላም?” ብለው ከጠየቁ፣ ዝም በል አትበሏቸው። ጥያቄው ከእግዚአብሔር የመጣ ሊሆን ይችላል።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።