ከጉዞ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ስደተኛን የሚረዳ ሰው ለራሱም ጥበቃ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012 በዳዳብ ካምፕ ታጣቂዎች የኖርዌይ የስደተኞች ምክር ቤት መኪኖች ላይ ተኩሰው አንድ ሾፌር ገደሉ፤ አራት ሠራተኞችንም ጠልፈው ወደ ሶማሊያ ወሰዱ። ጉዞው የታጠቀ አጃቢ አልነበረውም። ሠራተኞቹ ከቀናት በኋላ ነፃ ወጡ። ከእነሱም አንዱ፣ ስቲቭ ዴኒስ፣ ድርጅቱን ከሰሰ። በ2015 የኦስሎ ፍርድ ቤት «ከባድ ቸልተኝነት ነው» ብሎ ካሳ እንዲከፈለው ፈረደ።

ስለዚህ ጥንቃቄ የሠራተኛው ዕዳ ብቻ አይደለም፤ የቀጣሪውም ግዴታ ነው። ላቪንግተን ቢሮ ተቀምጦ ጉዞ ማቀድ ቀላል ነው፤ መንገዱን የሚሄደው ግን ሌላ ሰው ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ፦ መንገዱ እንዴት ነው? አጃቢ አለ ወይ? ብንጎዳ ማን ያሳክመናል? ሾፌሩም፣ ስደተኛው አስተማሪም ይጠይቅ። መልስ ከሌለ ጉዞው ይቆይ።