ከቤት ጋር የሚጓዝ መደርደሪያ

ከቶሮንቶ አልጎንኩዊን ፓርክ ድረስ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ያስነዳል። ካራቫኑን እየጎተተ የደረሰ ቤተሰብ የቁም ሳጥኑን በር ሲከፍት ሹራቡ፣ ፎጣው፣ የልጆቹ ካልሲና የቡናው ቆርቆሮ ወለሉ ላይ ተደባልቀው ያገኛቸዋል። ከላይ የልብስ መስቀያው ብረት ሁለት ባዶ ማንጠልጠያ ይዟል። በብረቱና በክምሩ መካከል አንድ ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ አለ።

ጥፋቱ የቤተሰቡ አይደለም። የካራቫን ቁም ሳጥን ብዙውን ጊዜ ኮትና ቀሚስ እንዲሰቀልበት የተሠራ ጠባብና ረጅም ሳጥን ነው። ካምፕ የሚወጣ ሰው ደግሞ የሚይዘው ታጥፎ የሚቀመጥ ልብስ እንጂ ሱፍና ከረባት አይደለም። ለዚህ ነው ያገለገለ ካራቫን የገዛ ሰው በገዛ እጁ ከሚሞክራቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት መደርደሪያ መጨመር የሆነው።

ሲታሰብ ቀላል ነው፤ ጣውላ ይቆረጣል፣ በብሎን ይታሰራል፣ አለቀ። ነገር ግን የሳሎን መደርደሪያ ዕድሜውን ሙሉ ሸክሙን ወደ ታች ብቻ ነው የሚሸከመው። የካራቫኑ መደርደሪያ ጎማው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ወደ ላይ ይነሳል፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይገፋል፣ መኪናው ሲታጠፍ ወደ ጎን ይሳባል። ቤቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትንሽ የመሬት መንቀጥቀጥ አለ ማለት ይቻላል።

መደርደሪያው የሚታሰርበት ግድግዳ ደግሞ ግድግዳ ለመባል የሚበቃ አይደለም። በብዙዎቹ ካራቫኖች ውጪው ስስ አሉሚኒየም ወይም ፋይበርግላስ ነው። መሐሉ ፎምና ቀጫጭን የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም አጽም ነው። ከውስጥ የሚታየው፣ እንጨት የሚመስል ወረቀት የለበሰው ገጽ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ብቻ ነው። እዚያ ላይ የገባ ብሎን በእጅ ሲጎተት ጠንክሮ ይገኛል፤ ከጥቂት ሰዓት መንገድ በኋላ ግን ቀዳዳውን አስፍቶ ይወልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ አጽሙ ይፈለጋል። የእንጨት አጽም ከሆነ ማግኔት ግድግዳው ላይ ሲንሸራተት ኮምፔንሳቶው የተመታበትን ቀጭን ሽቦ ይይዛል፤ የያዘበት መስመር እንጨት አለበት። ከመብሳት በፊት ከጀርባ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የውሃ ቱቦ እንደማያልፍ ማየት ያስፈልጋል። መብሻው ላይ በሚፈለገው ጥልቀት ልክ ፕላስተር መጠምጠም ደግሞ ከልክ በላይ እንዳይዘልቅ ያደርገዋል። ውጪው ድረስ የዘለቀ አንድ ቀዳዳ ለዝናብ በር ነው፤ ካራቫንን ከምንም በላይ የሚያበሰብሰውም ውሃ ነው።

ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላቸው። ክብደቱን ለግድግዳው አይሰጡም። በሁለቱ ጎኖች ከቁም ሳጥኑ ወለል የሚነሱ ቋሚዎች ያቆሙና መደርደሪያዎቹን በእነሱ ላይ ያሳርፋሉ። ያን ጊዜ ሸክሙን የሚችለው ወለሉ ነው፤ ግድግዳው የሚጠበቅበት ቋሚው እንዳይወድቅ መያዝ ብቻ ይሆናል።

ልኬት ላይ መቸኮል ጣውላ ያስጥላል። የካራቫን ማዕዘን ለስኳድራ እምብዛም አይታዘዝም፤ ጀርባው ከፊቱ በአንድ ጣት ሊጠብ ይችላል። ውሃ ልክም እዚህ ብዙ አያገለግልም፤ ካራቫኑ ራሱ ባዘነበለ ቁጥር ልኩ ይዋሻል፤ ከቁም ሳጥኑ ወለል በሜትር መለካት ይሻላል። ወርዱ ከፊት፣ ከመሐልና ከኋላ ይለካል፤ ከዚያ ቅርጹ መጀመሪያ በካርቶን ተቆርጦ ይሞከራል። በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል፤ ያለዚያ እንጨት ከእንጨት እየተፋጨ መንገዱን ሙሉ ሲያንቋቋ ይሄዳል። ከፊት ጠርዙ ላይ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መከልከያ ይመታል። ከኋላ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይቀራል፤ በመስከረም ቀዝቃዛ ሌሊት የተኙ ሰዎች ትንፋሽ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀመጣልና፣ ከግድግዳው የተጣበቀ ልብስ ጠዋት ረጥቦ ይገኛል።

ስለ ክብደት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚጨነቀው ለጣውላው ነው። 50 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፖፕላር ኮምፔንሳቶ 1 ኪሎ ከምናምን ይመዝናል፤ በዚያው ልክ የተቆረጠ ኤምዲኤፍ ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። ኤምዲኤፍ እርጥበት ሲነካው ስለሚያብጥም ኮምፔንሳቶው ይመረጣል። ቢሆንም ሦስቱም መደርደሪያ ተደምሮ ከአንድ ትንሽ የጤፍ ከረጢት አይበልጥም። ዋናው ክብደት በኋላ የሚመጣው ነው፤ ባዶ መደርደሪያ ባዶ ሆኖ አይቆይም። ካራቫኑ ምን ያህል ጭነት እንደሚችል በሩ አካባቢ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ በጋኑ ያለው ውሃም፣ ሊትሩ አንድ ኪሎ፣ ከዚያው ላይ ይቆጠራል። ቁም ሳጥኑ ከጎማዎቹ ኋላ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። ከካራቫኑ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው መኪናው መጎተቻ ላይ ማረፍ አለበት፤ ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ ይህ ይቀንስና ካራቫኑ ፍጥነት ሲጨምር እንደ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል።

ብሎኑን በተመለከተ ቶሮንቶ የምትገኝበት ኦንታርዮ የራሷ ታሪክ አላት። ፒተር ሊምበርነር ሮበርትሰን የተባለ ነጋዴ ሞንትሪያል ውስጥ ካቻቢቴ ሲያሳይ ሹሉ ከብሎኑ አፍ ተንሸራቶ እጁን ቆረጠው። ከዚህ በኋላ አፉ አራት ማዕዘን የሆነ ብሎን ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ከቶሮንቶ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ በምትገኘው ሚልተን ፋብሪካውን ከፈተ። ሄንሪ ፎርድ ብሎኑን ወድዶት ብቻውን የመጠቀም መብት ጠየቀ፤ ሮበርትሰን እምቢ አለ። እስከ ዛሬ ብሎኑ ካናዳ ውስጥ በየሱቁ ሲሸጥ አሜሪካ ውስጥ ብዙም የማይታየው በከፊል በዚህ የተነሳ ነው። ጠባብ ቁም ሳጥን ውስጥ አንገቱን አስገብቶ የሚሠራ ሰው ጥቅሙን ቶሎ ይረዳዋል፤ ብሎኑ ካቻቢቴው ጫፍ ላይ እንደተሰካ ይቀራል፣ በሁለተኛ እጅ መያዝ አያስፈልግም። መጠኑም በመያዣው ቀለም ይለያል፤ በብዛት የሚታዩት ከትንሹ ጀምሮ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቀይና ጥቁር። ለቤት ሥራ ከእጅ የማይለየው ቀዩ ነው።

ጣውላው ሲገዛ አንድ ነገር መጠየቅ ይገባል። ችፑድ፣ ኤምዲኤፍና ኮምፔንሳቶ የሚጣበቁበት ኮላ ፎርማልዲሃይድ የተባለ ጋዝ ሊለቅ ይችላል፤ ካራቫን ደግሞ ትንሽና የታፈነ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው ማዕበል ቤት ያሳጣቸው አሜሪካውያን በተሰጧቸው ተጎታች ቤቶች ውስጥ ይህ ጋዝ ከፍ ብሎ ተገኝቶ ብዙ አነጋግሯል። ካናዳም እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ እነዚህ ጣውላዎች በሚለቁት መጠን ላይ ገደብ ጥላለች። ከሰው ጋራዥ የተገኘ አሮጌ ጣውላ ግን ከደንቡ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል።

መሣሪያ የሌለው ሰውም መላ አያጣም። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ፣ ከግሪንውድ እስከ ሞናርክ ፓርክ ያለውን የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሰፈር አልፎ፣ ከኮክስዌል ወደ ምሥራቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የቶሮንቶ የመሣሪያ ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ ቅርንጫፉን ከፍቷል። የመጀመሪያው በዚያው ዓመት በከተማዋ ምዕራብ ፓርክዴል ነበር። አሠራሩ ስሙ እንደሚለው ነው፤ አባል የሆነ ሰው መጽሐፍ እንደሚዋስ ድሪል ወይም መጋዝ ወስዶ ሥራውን ሲጨርስ ይመልሳል። በዓመት አንዴ ለሚያስፈልግ መጋዝ ብር አውጥቶ ምድር ቤት ማስቀመጥ ይቀራል።

መደርደሪያው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ፣ ሲደርቅ አቀማመጡ ይጀመራል። ከባዱ ከታች፦ የእንጀራው ሳጥን፣ የሽሮውና የበርበሬው ዕቃ። ቀላሉ ከላይ፦ ፎጣ፣ ሹራብ። ጀበናው በጋቢ ተጠቅልሎ መሐለኛው ላይ፣ መከልከያው ጥግ ይገባል፤ ሲኒዎቹ በየካልሲው።

ከቶሮንቶ በ400 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ ባሪ ይደረሳል። ልጆቹ ለመጠጥ ሲወርዱ ቀዩን ካቻቢቴ ይዞ ቁም ሳጥኑን መክፈት የሚገባው እዚያ ነው። አዲስ ሥራ መጀመሪያ ሲንቀጠቀጥ ይላላል፤ እያንዳንዱ ብሎን ሩብ ዙር ያህል ሊጠብቅ ይችላል። ጀበናው ከጋቢው አልወጣም። በሩ ይዘጋል፣ መቆለፊያው ይፈተሻል፣ መኪናው እንደገና ይነሳል።