በረኛ ኳስ ሲለጋ የሚነካው አጥቂና የዳኛው ፍርድ

በረኛ በእጁ የያዛትን ኳስ ወደ መሃል ሜዳ ሊለጋ ሲል አንድ እግሩ ከመሬት ይነሳል፤ ዓይኑም ኳሷ ላይ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት የሚገፋው ሰው ቢመጣ ራሱን ማዳን አይችልም። የእግር ኳስ ሕግ 12 ለዚህ ጊዜ የተለየ ጥበቃ የሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ኳስን በእጁ የተቆጣጠረ በረኛን ተጋጣሚ ሊሻማው አይችልም።

ነገሩ የሚከብደው «ተቆጣጠረ» የሚባለው መቼ እንደሆነ በመለየቱ ላይ ነው። ኳሷ በሁለት እጆቹ መካከል ስትሆን፣ ወይም በእጁና በመሬት መካከል ስትያዝ በረኛው ተቆጣጥሯታል። በተዘረጋ መዳፉ ላይ ቢያስቀምጣት፣ መሬት ላይ ቢያነጥራት፣ ሊለጋት ወደ ላይ ቢወረውራትም ያው ነው። ተመልካች ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ኳሷ ከመዳፉ ስለተለየች ብቻ ለአጥቂው የተፈቀደች ይመስለዋል። በአንጻሩ ሲያድን ከእጁ ያመለጠችው ኳስ የማንም ናት። መሬት ላይ አስቀምጦ በእግሩ የሚገፋትም እንደዚያው፤ አጥቂው የመቀማት መብት አለው።

በዚህ ረገድ የሚታወሰው ግንቦት 1971 እ.ኤ.አ. በቤልፋስት የሆነው ነው። የእንግሊዙ በረኛ ጎርደን ባንክስ ኳሷን ሊለጋ ወደ ላይ ሲወረውራት የሰሜን አየርላንዱ ጆርጅ ቤስት እግሩን ሰዶ ቀደመው፤ በራሱም ገጭቶ መረብ ውስጥ አስገባት። ዳኛው ጎሉን ሻረው። ዛሬም ቢሆን ፍርዱ ያው ነው፦ በረኛው ኳሷን በሚለቅበት ጊዜ መምታት ወይም ለመምታት መሞከር፣ እንዳይለቅ መከልከልም ጭምር፣ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ያሰጣል።

አጥቂው ከበረኛው ጋር በአካል ከተጋጨ ግን ጉዳዩ ወደ ቀጥተኛ ቅጣት ምት ይሄዳል፤ ዳኛውም የግጭቱን ክብደት ይመዝናል። አጥቂው የተዘናጋ ብቻ ከሆነ ቅጣት ምቱ ይበቃል። የተጋጣሚውን ደህንነት ከቁብ ሳይቆጥር ከገባ ቢጫ ካርድ ይከተላል፤ ከልክ ያለፈ ኃይል ከተጠቀመ ደግሞ ቀይ። ኳሷ ከተለጋች በኋላ ዘግይቶ የገባ አጥቂም የሚዳኘው በዚሁ ሚዛን ነው። በአሜሪካ ፉትቦልም ኳስ የሚለጋውን ተጫዋች የሚጠብቅ ተመሳሳይ ሕግ አለ። በዚያ አገር ትልቁ ሊግ ቀላሉ ግጭት 5 ያርድ፣ ከባዱ 15 ያርድ ያስቀጣል፤ ተከላካዩ አስቀድሞ ኳሷን ነክቶ ከሆነ ግን አይቀጣም። በእግር ኳስ እንዲህ ያለ ማምለጫ የለም። «ኳሷን ነክቻለሁ» ማለት በኃይል የገባን ተጫዋች ከካርድ አያድነውም።

ጥበቃው ግን ለበረኛው ገላ የተሰጠ ያለመከሰስ መብት አይደለም፤ ኳስን ለያዘበት ቅጽበት የተሰጠ ነው። ከዚያ ውጭ እሱም እንደማንኛውም ተጫዋች ይቀጣል። ለኢትዮጵያውያን ይህን በግልጽ ያሳየው የ2013 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫ ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሰበት በዚያ ውድድር፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር ሲጫወት፣ በረኛው ጀማል ጣሰው ኳስ ለማራቅ እግሩን ከፍ አድርጎ ሲገባ ከቺሳምባ ሉንጉ ጋር ተጋጨ፤ በመጀመሪያው አጋማሽ ቀይ ካርድ ተመዘዘበት። ዋልያዎቹ በአሥር ሰው ተጫውተው በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጡ። ከስምንት ቀን በኋላ ደግሞ ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው ጨዋታ በረኛው ሲሳይ ባንጫ በቪክቶር ሞሰስ ላይ በሠራው ጥፋት ከሜዳ ወጣ፤ ሞሰስም ፍጹም ቅጣት ምቱን አስቆጠረ። ልብ የሚሰብር ነበር፤ ሕጉ ግን ለተጎዳ አገር ስሜት ሲል አይለወጥም።

ጥበቃው ገደብ የሚያስፈልገውም በረኛው ሰዓት እንዳይገድልበት ነው። ለብዙ ዓመታት ኳስ በእጁ የሚይዝበት ጊዜ 6 ሰከንድ ነበር፤ ዳኞች ግን እምብዛም አያስፈጽሙትም ነበር። ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ 8 ሰከንድ ከፍ ብሎ ቅጣቱ የማዕዘን ምት ሆኗል፤ ዳኛውም የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች እጁን አንስቶ በጣቱ ይቆጥራል። ይህ ጥሩ ለውጥ ነው፤ ሊፈጸም የሚችል ቅጣት ከማይፈጸም ይሻላል።

በቦሩ ሜዳ ልጆች ለሚጫወቱት ኳስም ሆነ በደሴና በኮምቦልቻ ሜዳዎች ለሚደረጉ ግጥሚያዎች ሕጉ አንድ ነው። የሚለየው ዳኛው የሚያይበት መንገድ ነው። በምስል የሚያግዘው በሌለበት ሜዳ፣ በረኛው ኳስ ሲይዝ ብዙ ዳኞች ፊታቸውን ወደ መሃል አዙረው መሮጥ ይጀምራሉ፤ ጥፋቱም ከጀርባቸው ይፈጸማል። ስለዚህ ኳሷ እስክትለጋ ድረስ በረኛውንና በአጠገቡ ያለውን አጥቂ ማየት የዳኛው ግዴታ ነው፤ ያመለጠውን ደግሞ ረዳቱ በባንዲራ ይነግረዋል። ተመልካችም ፍርዱን በዳኛው የእጅ ምልክት ይለየዋል፦ ክንዱን ወደ ላይ አንስቶ ከቆየ ቅጣት ምቱ ቀጥተኛ ያልሆነ ነው፤ ወደ ጎል አቅጣጫ ከጠቆመ ደግሞ ቀጥተኛ።