ለኦንላይን ጌም መክፈል ያዋጣል?

በአሜሪካ የምትኖሩ ባለትዳሮች፣ ቤታችሁ ፕሌይስቴሽን ወይም ኤክስቦክስ ካለ ልጃችሁ አንድ ቀን “ከጓደኞቼ ጋር በኦንላይን እንድጫወት ክፈሉልኝ” ማለቱ አይቀርም። አባት “መሣሪያውን ገዛን፣ ጌሙን ገዛን፣ ለኢንተርኔቱም በየወሩ እንከፍላለን፤ ይህ ደግሞ የምን ክፍያ ነው?” ይላል። እናት በበኩሏ “ልጁ ከጓደኞቹ ለምን ይለይ?” ትላለች። የሁለቱም ጥያቄ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከመከራከራችሁ በፊት ነገሩን ማወቅ ይበጃል።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2002 ኤክስቦክስ ላይቭን ሲጀምር ጀምሮ ያስከፍል ነበር። ሶኒ በፕሌይስቴሽን 3 ዘመን በኦንላይን መጫወትን በነጻ ይፈቅድ የነበረ ቢሆንም፣ በ2013 ፕሌይስቴሽን 4 ሲወጣ ክፍያ ጀመረ። ኒንቴንዶም በ2018 ተከተለ። ይህ ክፍያ የቤታችሁን ኢንተርኔት አያፈጥነውም፤ በሩን የሚከፍት ቁልፍ ብቻ ነው። ዋጋውም ባለበት አይቆምም። በአሜሪካ ዝቅተኛው የፕሌይስቴሽን ፕላስ አባልነት በሴፕቴምበር 2023 በዓመት ከ60 ዶላር ወደ 80 ዶላር ገደማ ከፍ ብሏል። ያን ጊዜ በየወሩ 10 ዶላር የሚከፍል ቤተሰብ ግን በዓመቱ መጨረሻ 120 ዶላር ያወጣ ነበር።

እንግዲህ መጀመሪያ “የምትጫወተው ምንድን ነው?” ብላችሁ ልጃችሁን ጠይቁት። ፎርትናይት፣ ሮብሎክስ ወይም ሮኬት ሊግ ከሆነ በፕሌይስቴሽንም ሆነ በኤክስቦክስ ያለ አባልነት ክፍያ በኦንላይን መጫወት ይችላል። ብቻውን ወይም ከወንድሙ ጋር አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ለሚጫወተውም ክፍያ አያስፈልገውም። በሌላ ከተማ ካለው የአክስቱ ልጅ ጋር በኦንላይን እግር ኳስ ለመጫወት ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክፍያው ግድ ነው። በየሳምንቱ የሚገናኙበት ከሆነም ገንዘቡ በከንቱ አልወጣም።

ሁለተኛ፣ “በየወሩ ነጻ ጌም ይሰጣሉ” የሚለውን በጥንቃቄ ስሙ። በፕሌይስቴሽን ፕላስ የወሰዳችኋቸው ወርሃዊ ጌሞች አባልነቱ ሲያበቃ አይከፈቱም። አባልነቱም ካላስቆማችሁት በራሱ ይታደሳል። ልጁ መጫወቱን ትቶ እንኳ ከካርዳችሁ ገንዘብ መቆረጡ ይቀጥላል።

ሦስተኛ፣ ከአባልነቱ ይልቅ ኪስ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በጌሙ ውስጥ የሚሸጠው አልባሳትና ጌጥ ነው። የፎርትናይት ባለቤት ኤፒክ ጌምስ ተጫዋቾች ሳይፈልጉ ለተቆረጠባቸው ገንዘብ ማካካሻ 245 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የተስማማው በ2022 ነበር። ስለዚህ “ነጻ ነው” ብላችሁ አትዘናጉ። ለልጁ የራሱን የልጅ አካውንት ክፈቱለት፤ የወጪ ገደብ አብጁለት፤ የይለፍ ቃሉንም ለራሳችሁ ያዙ።

ውድ ባለትዳሮች፣ መልሱን ለልጃችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ለብቻችሁ ተነጋገሩ። የምትከፍሉ ከሆነ ለአንድ ዓመት ክፈሉ፤ በራሱ መታደሱን ያን ዕለት አጥፉት፤ ዓመቱ ሲያልቅ መልሳችሁ መዝኑት። የማትከፍሉ ከሆነም ምክንያቱን ንገሩት። ልጁ ከአባቱ “አይሆንም”፣ ከእናቱ ደግሞ “ይሁን” የሚል መልስ ከሰማ፣ ከ80 ዶላሩ ይልቅ የሚጎዳችሁ እርሱ ነው።