ለሥራ ሲዛወሩ የመኖሪያ አካባቢ ምርጫ (ጌጫና አካባቢው)

ለሥራ ሲዛወሩ የመኖሪያ አካባቢ ምርጫ አንድ ሠራተኛ በምደባ፣ በዝውውር ወይም በአዲስ ቅጥር ወደማያውቀው ቦታ ሲሄድ፣ ከሥራ ቦታው ምን ያህል ርቆ፣ በየትኛው ሰፈርና በምን ዓይነት ቤት እንደሚኖር የሚወስንበት ሂደት ነው። በትልልቅ ከተሞች ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ በመሀል ከተማና በዳር ሰፈር መካከል ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንደ ጌጫ ባሉ ትንንሽ ከተሞች ግን ከኪሎ ሜትር ይልቅ የመሬቱ ከፍታ፣ የዝናቡ ወራት ብዛትና የመንገዱ ዓይነት ይመዝናሉ።

አቀማመጥ

ጌጫ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከቴፒ ተነሥቶ በማሻ በኩል ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። የዞኑ ዋና ከተማ ማሻ ከጌጫ በስተሰሜን፣ በየኪ ወረዳ ያለችው ቴፒ ደግሞ በስተደቡብ ናቸው። ከቴፒ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በቤንች ሸኮ ዞን የምትገኘው ሚዛን አማን ሚዛን ተፈሪና አማን የተባሉት ሁለት ከተሞች አንድ ሆነው የተፈጠረች ከተማ ናት።

ክልሉ የተመሠረተው መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ከተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ በኋላ፣ በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ነው። የክልሉ መንግሥት መቀመጫዎች በቦንጋ፣ በታርጫ፣ በሚዛን አማንና በቴፒ የተከፋፈሉ በመሆናቸው፣ የመንግሥት ሠራተኛ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው መዛወሩ የተለመደ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ ከሌላ ክልል ለሚመጣ ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ያቀልለታል። በገበያና በጉርብትና ግን ሸክኛ፣ ቤንችኛ፣ ሸኮኛ፣ ካፍኛና መዠንግርኛ ይሰማሉ።

ወደ አካባቢው ከሚመጡት መካከል መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የግብርና ባለሙያዎችና የባንክ ሠራተኞች ይገኛሉ። በሚዛን አማንና በቴፒ ግቢዎች ያሉት የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ፣ በቴፒ የሚገኘው የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል፣ እንዲሁም እንደ በበቃ ያሉ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች ብዙ ሠራተኛ የሚስቡ ተቋማት ናቸው።

ኪራይና ርቀት

በከተማ ምጣኔ ሀብት ጥናት ዘንድ የታወቀው የዊልያም አሎንሶ ትንተና በ1964 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። እንደ እርሱ አገላለጽ፣ ሰው ከከተማው መሀል በራቀ ቁጥር ለቤት የሚከፍለው ይቀንሳል፤ ለመጓጓዣ የሚያወጣው ገንዘብና ጊዜ ግን ይጨምራል። መኖሪያ መምረጥ ማለት እነዚህን ሁለቱን ማመዛዘን ነው። ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቼዛሬ ማርኬቲ ደግሞ በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰዎች በየትኛውም ዘመንና አገር ለዕለት ጉዞ የሚያውሉት ጊዜ በአማካይ አንድ ሰዓት ገደማ መሆኑን አመልክቷል።

በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተገነቡት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ይህ ማመዛዘን በግልጽ ይታያል። እንደ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ባሉ ሰፈሮች የሚኖር ሠራተኛ ቤት በማግኘቱ ያተረፈውን በከፊል በአውቶቡስና በታክሲ ሰልፍ ይመልሰዋል።

በጌጫ አካባቢ ግን ይህ ስሌት በቀጥታ አይሠራም። ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች መሀልና ዳር በእግር ይዳረሳሉ። እውነተኛው ጥያቄ በጌጫ ለሚሠራ ሰው በራሷ በጌጫ፣ በማሻ ወይስ በቴፒ ይኑር የሚለው ነው። ከወረዳው ከተማ ውጭ ባለ ቀበሌ ለተመደበ መምህር ወይም የግብርና ባለሙያ ደግሞ ጥያቄው ቀበሌው ውስጥ ይኑር ወይስ ከጌጫ ይመላለስ የሚለው ይሆናል።

ከፍታ፣ አየርና ጤና

ቴፒ ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ፣ ሚዛን 1,450 ሜትር ገደማ፣ ማሻ ደግሞ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ጌጫም በማሻ በኩል ባለው ቀዝቃዛ ደጋ ትመደባለች። ስለዚህ ከቴፒ ወደ ጌጫ የሚወጣ ሰው በአንድ ጉዞ ከቆላማ ሙቀት ወደ ብርድና ጉም ይደርሳል።

ይህ ልዩነት የምቾት ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ ለወባ የተጋለጠ ነው ተብሎ ይቆጠራል። ከወባ ነጻ በሆነ ደጋ ያደገ ሰው በሽታውን የለመደ ሰውነት ስለሌለው ቢያዝ ይበልጥ ይጎዳል። ነፍሰ ጡሮችና ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ደግሞ ከሁሉ በላይ ለአደጋ የተጋለጡ ናቸው። የቴፒ ገበያና የትራንስፖርት አማራጭ ሰፊ ቢሆንም፣ ትንንሽ ልጆች ያሉት ሠራተኛ ቤተሰቡን እዚያ ሲያስቀምጥ አጎበር፣ በአቅራቢያው ያለ ጤና ተቋምና ከረግረግ የራቀ ሰፈር የምርጫው አካል ይሆናሉ።

በደጋው የሚኖርና ለመስክ ሥራ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰውም ከዚህ አያመልጥም። የወባ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ትንኟ ከነደፈች ከ10 እስከ 15 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ትኩሳቱ የሚጀምረው ሰውየው ወደ ደጋው ከተመለሰ በኋላ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ቆላ ወርዶ እንደነበር ለጤና ባለሙያው መናገሩ ምርመራውን ያፋጥናል።

ደጋውም የራሱ አደጋ አለው። ብርዱን ለመከላከል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት ሽታ በሌለው መርዛማ ጋዝ ሕይወት ያሳጣል። የሚከራየው ቤት የማይናፈስ ከሆነ የሚነድ ከሰል ጨርሶ ወደ ክፍሉ መግባት የለበትም።

በአገሪቱ የጤና አደረጃጀት ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግሉ የታቀዱ ናቸው። ስለዚህ በትንሽ ከተማ ቀላል ሕክምና በቅርብ ይገኛል፤ ቀዶ ሕክምና ለሚጠይቅ ወሊድ ወይም ለከባድ ሕመም ግን ወደ ትልቅ ከተማ መሄድ ያስፈልጋል። በቴፒ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ በሚዛን አማን ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ። የመውለጃዋ ጊዜ የቀረበ ወይም ቋሚ የሕክምና ክትትል የሚያስፈልገው የቤተሰብ አባል ካለ፣ ሆስፒታሉ ከመሥሪያ ቤቱ በላይ ምርጫውን ሊወስን ይችላል።

መንገድና ዝናብ

ደቡብ ምዕራቡ ከአገሪቱ ከፍተኛውን ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ ነው። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ዋናው ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፣ በሸካ ግን ዝናቡ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። አፈሩ ቀይ ሸክላማ በመሆኑ ሲረጥብ ያዳልጣል፤ ጠጠር ያልለበሰ የቀበሌ መንገድ በነዚህ ወራት ማጥ ይሆናል።

በመሆኑም በጥር ወር በሞተር ሳይክል በግማሽ ሰዓት የሚደረስበት ቀበሌ፣ በሐምሌ ግማሽ ቀን ሊወስድ ወይም ጨርሶ ላይደረስበት ይችላል። ከከተማ እየተመላለሰ ለመሥራት ያሰበ መምህር በክረምት ክፍለ ጊዜ ቢያልፈው የሚጎዱት ተማሪዎቹ ናቸው። ቤት ከመያዙ በፊት መጠየቅ ያለበት «ምን ያህል ይርቃል?» ብቻ ሳይሆን «በሐምሌ በምን ይኬዳል? ሾፌሩስ ስንት ያስከፍላል?» የሚል ነው። መንገዱ ክረምት ከበጋ የሚያገለግል ካልሆነ፣ ቀበሌው ውስጥ ቤት መያዝ ወይም ቢያንስ የዝናቡን ወራት እዚያ ማሳለፍ ይሻላል።

የቤቱ ሁኔታ

በአካባቢው ለኪራይ ከሚቀርቡት ብዙዎቹ ቆርቆሮ ክዳን ያላቸው የጭቃ ቤቶች ወይም በባለቤቱ ግቢ ውስጥ ያሉ ሰርቪስ ክፍሎች ናቸው። ዝናብ በሚበዛበት አገር ቤት የሚታየው በዝናብ ቀን ነው፤ ክዳኑ ያፈስስ እንደሆነ፣ ግድግዳው ከሥሩ ይርጠብ እንደሆነ፣ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ ያኔ ይለያል። ተዳፋት ላይ ያለ ቤት ከኋላው ያለው መሬት የተቆፈረና ዛፉ የተመነጠረ ከሆነ ለመንሸራተት ይጋለጣል።

መብራቱ በራሱ ቆጣሪ ነው ወይስ ከአከራዩ ጋር በጋራ፣ ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ መጸዳጃውን ስንት ቤተሰብ ይጠቀምበታል የሚሉት ከወርኃዊ ኪራዩ እኩል ይታያሉ። የቡና ለቀማ ወቅት ሲደርስ ነጋዴውና የቀን ሠራተኛው ወደ ቡና ከተሞች ስለሚገባ፣ በዚያን ጊዜ ክፍል ማግኘት ይከብዳል።

የከተማ ዳር መሬትና ሕጉ

በከተማ ዳር ያለ ቤት ብዙውን ጊዜ ርካሽና ሰፊ ግቢ ያለው ነው። ነገር ግን በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል፤ የከተማ ቦታ የሚያዘውም በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነው። ያለ ፈቃድ በእርሻ ቦታ ላይ በችኮላ የሚሠራው «ጨረቃ ቤት» ለመፍረስ የተጋለጠ ስለሆነ፣ ተከራዩም አብሮ ይጎዳል፤ መሬቱን ለመግዛት የሞከረ ደግሞ ገንዘቡን ሊያጣ ይችላል። በሸካ ደግሞ የጫካው ዳርቻ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧልና።

የኪራይ ውልን በሚመለከት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አዋጁ ተፈጻሚ የሚሆነው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ በሌላ ከተማ የሚከራይ ሰው ከተማው በአዋጁ መሸፈኑን ከማዘጋጃ ቤቱ ማጣራት አለበት። ያልተሸፈነ ቢሆንም በምስክር ፊት የተጻፈ ውል ጭቅጭቅን ያስቀራል።

የአሠሪ ቤት

ሰፋፊ የቡና እርሻዎች ከጥንት ጀምሮ ለሠራተኞቻቸው በእርሻው ውስጥ መንደር ይሠራሉ። እንዲህ ያለው ቤት የኪራይና የመንገድ ወጪን ያስቀራል፤ ነገር ግን ሥራው ሲቋረጥ ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራ ሲለቀቅ ቤቱ በስንት ቀን እንደሚለቀቅ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቤተሰብና ጉርብትና

ብዙ ሠራተኞች የትዳር ጓደኛቸውንና ልጆቻቸውን በቀድሞው ከተማ ትተው ብቻቸውን ይመጣሉ። ይህ የልጆችን ትምህርት እንዳይቋረጥ ያደርጋል፤ ደመወዙን ግን ለሁለት ቤት ይከፍለዋል። መካከለኛው መንገድ ቤተሰቡን እንደ ማሻ፣ ቴፒ ወይም ሚዛን አማን ባለ ቅርብ ከተማ አስቀምጦ በሳምንቱ መጨረሻ መመላለስ ነው፤ እርሱም የሚያዋጣው መንገዱ በዝናብ የማይዘጋ ከሆነ ነው።

የሰላም ሁኔታም ይጠየቃል። በቴፒና በአካባቢው በመጋቢት 1994 ዓ.ም. ከአስተዳደር ጥያቄ ጋር ተያይዞ የብዙ ሰው ሕይወት ያለፈበት ግጭት ደርሷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለእንግዳ ሰው መረጃም ሆነ መጠጊያ የሚሆነው ጎረቤት ነው። ስለዚህ ከቀድሞ ቀበሌ መሸኛ ይዞ መምጣትና መመዝገብ፣ እድር መግባትና የጎረቤት ቡና መጠጣት በአዲሱ ሰፈር ከሚከናወኑት የመጀመሪያ ነገሮች መካከል ናቸው። በደጋው ቆጮና ማር፣ በቆላው ጎደሬና ሙዝ የዕለት ምግብ በመሆናቸው፣ የአካባቢውን ምግብ መልመድ ከሩቅ በሚመጣ ጤፍ ላይ ብቻ ከመመካት ያድናል።

በአጠቃላይ ወደ ጌጫና ወደ አካባቢው የሚዛወር ሠራተኛ በመጀመሪያ ለአጭር ጊዜ በመሥሪያ ቤቱ አቅራቢያ አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ከተቻለ ቢያንስ አንድ የዝናብ ወር አሳልፎ፣ ቤተሰቡን የሚያመጣበትን ከተማ ከዚያ በኋላ ቢወስን ከከፍታው፣ ከመንገዱና ከጤናው አንጻር የተሻለ ምርጫ ለማድረግ ጊዜ ያገኛል።