ትልቅ ቸርኬ መኪና ከፍ አያደርግም

ነሐሴ 16 ቀርቦ ለሻደይ በዓል ወደ ዋግ ኽምራ በቤት መኪና ለመውጣት ላሰበ የአዲስ አበባ ሰው አንድ ምክር አይጠፋም፦ «ባለ 18 ቸርኬ አስገባበት፤ ከፍ ይልልሃል፤ የደሃና ድንጋይ ሆዱን አይነካውም።» ስህተት ነው። ገንዘብ አስወጥቶ መኪናውን ለዚያው መንገድ ይበልጥ ደካማ የሚያደርግ ስህተት።

በጎማው ጎን ላይ ያለው ጽሑፍ ምስጢር የለውም። 225/55 አር 16 ሲል 225 ስፋቱ በሚሊሜትር ነው፤ 16 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 55 ግን ሚሊሜትር አይደለም፤ የጎማው ጎን ቁመት ከስፋቱ 55 በመቶ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ጎኑ 124 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2016 የተመረተው መርሰዲስ ኢ-ክላስ ይህን ጎማ ይጫማል። ፋብሪካው ራሱ ባለ 18 ቸርኬ ሲያስገባለት ጎማውን 245/40 ያደርገዋል። ደምሩት፦ የመጀመሪያው ጎማ ከዳር እስከ ዳር 654 ሚሊሜትር ነው፤ ሁለተኛው 653። መኪናው አንዲት ሚሊሜትር እንኳ ከፍ አላለም። ቸርኬው ያደገው የጎማውን ጎን በልቶ ነው፤ 124 የነበረው 98 ሆኗል።

«55ቱን ሳልቀንስ 18 ባስገባስ?» የሚልም አለ። ያኔ ዲያሜትሩ ወደ 705 ይዘላል፤ መኪናው በ2.5 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። ነገር ግን መሪው ሲጠመዘዝ ጎማው ፓራፋንጎውን ሊልስ ይችላል፤ የፍጥነት መለኪያውም ከበፊቱ በ7 በመቶ ገደማ ዝቅ አድርጎ ይነግራችኋል።

የጎማ ጎን ግን ሊታለፍ አይገባም፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ ስትጓዙ ጎማው ከሹል ድንጋይ ጋር ሲላተም ያ ምት አንድ ቦታ መቆም አለበት። መጀመሪያ የሚቀበለው በጎኑ ውስጥ ያለው አየር ነው፤ ቀጥሎ ሞላው። ምቱ የሚቆምበት ርቀት ባጠረ ቁጥር ኃይሉ ይበረታል፤ ከፎቅ ወድቆ በገለባ ክምር ላይ ማረፍና በሲሚንቶ ላይ ማረፍ ልዩነቱ ይኸው ርቀት ነው። ርቀቱ ካለቀ ድንጋዩ ጎማውን ከቸርኬው ከንፈር ጋር አጣብቆ ይቀጠቅጠዋል። ላስቲኩ ከውጭ ደህና ይመስላል፤ በውስጡ ያሉት ክሮች ግን ተበጥሰዋል። አየሩ በተበጠሰው በኩል ይገፋል፤ በማግስቱ ጎኑ ላይ እብጠት ታያላችሁ። ያንን ጎሚስታ አይለጥፈውም፤ ጎማው መጣል አለበት። አሉሚኒየም ቸርኬ ከሆነም ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

በእንዲህ ዓይነት መንገድ የሚመላለሰውን ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ተመልከቱ። 7.50 አር 16 ጎማ ሲጫማ ቸርኬው 16 ኢንች ብቻ ነው፤ የጎማው ጎን ግን 20 ሴንቲሜትር ይጠጋል። ከፍታውንም ትዕግሥቱንም የሰጠው ጎማው እንጂ ቸርኬው አይደለም።

እርግጥ የጎን ቁመት ብቻውን አይፈርድም። የክሩ ጥንካሬ፣ የአየሩ መጠንና ከሁሉ በላይ ፍጥነት አሉበት፤ ዝቅ ያለ ጎን በጥሩ አስፋልት ላይ መሪን ጥርት ያደርጋል፤ ይህንን የሚክድ የለም። ሌላው አከራካሪ ነገር «ደጋ ላይ ጎማ ይነፋል፤ አየር ቀንስ» የሚለው ነው። ከፊሉ እውነት ነው፦ የውጩ አየር ስለሚሳሳ ከባሕር ጠለል ሰቆጣ ድረስ በመለኪያው ላይ 3.5 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ። ነገር ግን አዲስ አበባና ሰቆጣ በከፍታ ብዙም አይራራቁም፤ በመሃል ሸዋ ሮቢት ላይ የከፍታው መውረድ የሚቀንሰውን ቆላው በሙቀት ይመልሰዋል። ስለዚህ አታስተነፍሱ፤ አየር የጎደለው ጎማ ለዚያ ድንጋይ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ባለ 18ቱን ለመግዛት ከወሰናችሁ ደግሞ ከመጠኑ ቀጥሎ ያለችውን ቁጥር ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። በ225/55 አር 16 ላይ 95 ይላል፤ አንዱ ጎማ 690 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ተራው 245/40 አር 18 ግን 93 ነው፤ 650 ኪሎ። «ኤክስኤል» የሚል ምልክት ያለበትና 97 የተጻፈበት 730 ኪሎ ይችላል፣ ያውም ከተራው ከፍ ያለ አየር ሲሞላ።