የመዶሻ ውርወራ፦ የጡንቻ ወይስ የሚዛን ስፖርት?

እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ የተደረገው ኦሎምፒክ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ቀነኒሳ በቀለ በ10,000 ሜትር ያገኘውን ድል ነው። ከዚያ ሩጫ ሁለት ቀን በኋላ በዚያው ስታዲየም የመዶሻ ውርወራ ፍጻሜ ተካሂዶ ነበር። ይህ ስፖርት በትምህርት ቤቶቻችን እምብዛም ስለማይታወቅ ብዙ ሰው የጡንቻ ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ከዚህ ቀጥለን እንመለከታለን።

በመጀመሪያ መሣሪያውን እንወቀው። መዶሻ ይባል እንጂ የአናጢ መዶሻ አይደለም፤ የብረት ኳስ በሽቦ ከእጀታ ጋር የተያያዘበት ነው። ጠቅላላ ክብደቱ ለወንዶች 7.26 ኪሎ፣ ለሴቶች 4 ኪሎ ነው። ወርዋሪው የሚቆምበት ክብ ከዳር እስከ ዳር 2.135 ሜትር ብቻ ነው። በዚህች ጠባብ ቦታ መዶሻውን በእጁ ጥቂት ጊዜ ካዞረ በኋላ ራሱም አብሮ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ተሽከርክሮ ይለቀዋል። መዶሻው መሬት ሳያርፍ ከክቡ ከወጣ ውርወራው ይሰረዝበታል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንሂድ። መዶሻው ወደ 80 ሜትር እንዲደርስ በሚለቀቅበት ጊዜ ፍጥነቱ በሴኮንድ 28 ሜትር ያህል መሆን አለበት፤ ይህም በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ኳሱ የሚዞርበትን ክብ ሬዲየስ 1.8 ሜትር ብለን እንውሰድ። በክብ የሚዞርን ነገር ወደ መካከል ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል የሚገኘው ክብደቱን በፍጥነቱ ካሬ አባዝተን በሬዲየሱ ስናካፍል ነው። 7.26 × 28 × 28 ÷ 1.8 ወደ 3,160 ኒውተን ይሆናል። ይህም ከ300 ኪሎ በላይ የሚመዝን ዕቃ አንጠልጥሎ ከመያዝ ጋር እኩል ነው። እንግዲህ 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከክብደቱ ሦስት እጥፍ የሚስበውን ነገር እንዴት ይቋቋመዋል? ጉልበቱን አጥፎ፣ ወገቡን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ በማዘንበል ነው። ሚዛኑን ከሳተ መዶሻው እርሱን ይዞት ይሄዳል። ክንዱን አጥፎ በኃይል ልጎትት ቢልም አይጠቅመውም፤ የሚሽከረከርበት ፍጥነት ካልጨመረ በቀር ሬዲየሱ ሲያጥር የኳሱ ፍጥነት ይቀንሳልና።

ይህን በሥራ ያሳየ አንድ ስፖርተኛ እንጥቀስ። ጃፓናዊው ኮጂ ሙሮፉሺ ከ1995 እስከ 2014 የአገሩን ሻምፒዮና ያለማቋረጥ 20 ጊዜ አሸንፏል። አሠልጣኙ አባቱ ሺጌኖቡ ሙሮፉሺ ነበሩ፤ እርሳቸውም በመዶሻ ውርወራ የእስያ ጨዋታዎችን አምስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፉ ናቸው። አባትየው በ1984 ያስመዘገቡትን የ75.96 ሜትር የአገር ክብረ ወሰን በ1998 የሰበረው ልጃቸው ነው። በአቴንስም 82.91 ሜትር ወርውሮ በ28 ሳንቲ ሜትር ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ፤ ሆኖም አንደኛ የወጣው ተወዳዳሪ የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ሕግ በመጣሱ ስለ ተሰረዘ ወርቁ ለሙሮፉሺ ተሰጠ።

የመጀመሪያውን ሻምፒዮና ያሸነፈው በ20 ዓመቱ፣ የመጨረሻውን በ39 ዓመቱ ነው። አካል በዕድሜ እየተለወጠ ሲሄድ በአንድ ዓይነት ልምምድ መዝለቅ አይቻልም። ሰውነት አንድን ነገር ከደጋገመ ይለምደዋል፤ ከለመደው በኋላም አይማርበትም ብሎ ያምን ስለ ነበር ልምምዱን ይለዋውጥ ነበር። በትከሻው በተሸከመው የክብደት ብረት ጫፎች ላይ መዶሻዎች አንጠልጥሎ ቁጢጥ ብድግ ይላል፤ መዶሻዎቹ ሲወዛወዙ ሰውነቱ በየቅጽበቱ ሚዛኑን እንዲፈልግ ይገደዳል። ሌሎችን ካስተማራቸው ልምምዶች መካከልም የጋዜጣ ገጽ በአንድ እጅ ጨምድዶ ማጠቅለልና የወረቀት ፊኛን ሳይጨፈልቁ በመዳፎች መካከል ይዞ መንቀሳቀስ ይገኙበታል። ከዚህም ሌላ በቹክዮ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያገኘው የመዶሻው ፍጥነት እንዴት እንደሚጨምር አጥንቶ ነው።

ከዚህ ለክፍላችን የሚሆን ትምህርት እናገኛለን። መከላከያ መረብ በሌለበት ሜዳ እውነተኛ መዶሻ መወርወር ለሕይወት አደገኛ ስለሆነ ፈጽሞ መሞከር የለበትም። ነገር ግን የጨርቅ ኳስ በገመድ አሥረን ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ እናዙር። ከመልቀቃችን በፊት፣ «ኳሱ ወዴት ይሄዳል?» ብለን ተማሪዎችን እንጠይቅ። ብዙዎቹ ከመካከል ወደ ውጭ ይላሉ፤ ኳሱ ግን በተለቀቀበት ነጥብ ክቡን እንደ ነካ መሥመር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ወርዋሪው ትንሽ ቀደም ወይም ዘግየት ብሎ ቢለቅ መዶሻው ለምን ከተፈቀደው ክልል ውጭ እንደሚወድቅ ያን ጊዜ በዓይናቸው ያያሉ።

በስፖርት ክፍለ ጊዜም ግዙፉን ተማሪ ብቻ መርጠን ሌላውን ዳር አናስቀምጥ። የወረቀት ፊኛ ሳይጨፈልቅ መያዝ የሚችል እጅ ከየትኛው ተማሪ ዘንድ እንደሚገኝ ሳንሞክር አናውቅምና።